ባትሪውን ብቻ መቀየር አይበቃም፦ በእንስሳት ነጋዴ ተሳቢ ላይ የሶላርና የሊቲየም ባትሪ አገጣጠምና አያያዝ

ከመንጋ ጋር የሚጓዝና ከመንጋ ጋር የሚያድር ነጋዴ ዛሬ ያለ ኤሌክትሪክ መሥራት ይከብደዋል። የበርበራ ዋጋ የሚጠየቀው በስልክ ነው። ክፍያውም በ2009 እ.ኤ.አ. በተጀመረው በዛድና በመሰል አገልግሎቶች በስልክ ይተላለፋል። ስልኩ ከጠፋ ነጋዴው ገንዘብ እያለው ባዶ እጁን ይቀራል። ክትባትና አንዳንድ መድኃኒቶች ቅዝቃዜ ይፈልጋሉ። ሌሊት በጉረኖው ዙሪያ መብራት ከሌለ ደግሞ ጅቡም ሌባውም ይደፍራል።

ለዚህ ሁሉ በማደሪያ ተሳቢ ጣሪያ ላይ ሶላር መግጠምና የአሲዱን ባትሪ በሊቲየም መተካት ጥሩ መፍትሔ ነው። ችግሩ የሚጀምረው አሮጌው ባትሪ ወጥቶ አዲሱ በዚያው ሽቦ፣ በዚያው ቻርጀርና በዚያው ሳጥን ውስጥ ሲገባ ነው። እንዲህ ከተደረገ አሥር ዓመት ሊሠራ የሚችል ባትሪ በጥቂት ዓመት ይደክማል፤ ባለቤቱም "ሊቲየም አይረባም" ብሎ ይደመድማል። ሊቲየምን ያለ ጊዜው የሚገድለው ግን የሥራ ብዛት ሳይሆን ሙቀት፣ የተሳሳተ ቻርጅና የላላ ማሰሪያ ነው። ይህ ትምህርት እነዚህን ሦስቱን ከመጀመሪያው እንዴት መከላከል እንደሚቻል ደረጃ በደረጃ ያሳያል። የተዘጋጀው ማደሪያ ተሳቢ ላለው ነው፤ በጭነት መኪና ጋቢና ውስጥ ለሚያድር ሾፌርና ረዳትም ያገለግላል።

ለምሳሌ እንዲሆን ከሐርጌሳ 31 ሜይ ወረዳ የሚነሳ፣ አራት ሰው የሚያድርበት አንድ ተሳቢ ይወሰድ። ከወጃሌ በግና ፍየል ይገዛል፣ ሐርጌሳ ያሳርፋል፣ ከዚያ ወደ በርበራ ይወርዳል። ሐርጌሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ በርበራ ደግሞ ባሕሩ ዳር ናት። በመካከላቸው ያለው መንገድ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ያው ባትሪ በሰኔ ጠዋት ሐርጌሳ ላይ ቀዝቀዝ ባለ አየር ይነሳና ከሰዓት በኋላ በርበራ ላይ ከ40 ዲግሪ በላይ የሆነ ሙቀት ያገኘዋል። የአገጣጠሙ ሐሳብ ሁሉ ይህን ልዩነት ማገናዘብ አለበት።

1. መጀመሪያ ፍጆታን መቁጠር

ባትሪም ሆነ ፓኔል ከመገዛቱ በፊት በአንድ ቀን የሚፈለገው ኃይል ይደመራል። ስሌቱ ቀላል ነው፤ የዕቃው ዋት በሚሠራበት ሰዓት ይባዛል። ለምሳሌው ተሳቢ እንዲህ ይሆናል፦

• ባለ 12 ቮልት ማቀዝቀዣ፣ 45 ዋት፣ በሙቀት ቀን ሞተሩ በድምሩ 12 ሰዓት ቢሠራ = 540 ዋት-ሰዓት
• አራት የ5 ዋት ኤልኢዲ አምፖሎች ለ5 ሰዓት = 100 ዋት-ሰዓት
• ስድስት ስልኮች፣ እያንዳንዳቸው 20 ዋት-ሰዓት = 120 ዋት-ሰዓት
• አንድ የ20 ዋት ማራገቢያ ለ6 ሰዓት = 120 ዋት-ሰዓት
• ውሃ ወደ ገንዳ የሚገፋ የ60 ዋት ትንሽ ፓምፕ ለ1 ሰዓት = 60 ዋት-ሰዓት

ድምሩ በቀን 940 ዋት-ሰዓት ነው። ከዚህ ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚወስደው ማቀዝቀዣው መሆኑ ልብ ይባል። ጥላ ቦታ ማስቀመጥ፣ ከጀርባው አየር እንዲያገኝ ማድረግና ሳያስፈልግ አለመክፈት አንድ ተጨማሪ ፓኔል እንደመግዛት ይቆጠራል።

ተሳቢው ፀሐይ ሳያገኝ ሁለት ቀን መቆየት እንዲችል ከተፈለገ 1,880 ዋት-ሰዓት በባትሪው ውስጥ መኖር አለበት። ሊቲየም እስከ 80 በመቶ ቢወሰድበት ስለማይጎዳ 1,880 ለ0.8 ሲካፈል 2,350 ይሆናል። ባለ 12.8 ቮልት 100 አምፔር-ሰዓት ሊቲየም 1,280 ዋት-ሰዓት ይይዛል፤ ስለዚህ ሁለት ይበቃሉ። የአሲድ ባትሪ ግን ዕድሜው እንዳያጥር ከግማሽ በላይ ሊወሰድበት አይገባም። ለዚሁ ሥራ አራት ባለ 100 አምፔር-ሰዓት የአሲድ ባትሪዎች ያስፈልጋሉ። አራቱ ከ110 ኪሎ ያላነሰ ይመዝናሉ፤ ሁለቱ ሊቲየሞች ግን 25 ኪሎ ገደማ ናቸው። ልዩነቱ የሁለት ወይም የሦስት በጎች ክብደት ነው።

2. የትኛው ሊቲየም?

"ሊቲየም" አንድ ዓይነት ባትሪ አይደለም። በስልክና በብዙ የኤሌክትሪክ ሞተር ብስክሌቶች ውስጥ ያለው ዓይነት ትንሽ ቦታ ላይ ብዙ ኃይል ይይዛል፤ ሲጎዳ ወይም ሲግል ግን ቶሎ እሳት ሊያነሳ ይችላል። ለተሳቢ የሚመከረው ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለው ነው። ይህ ዓይነት በ1990ዎቹ አጋማሽ በአሜሪካ በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ በጆን ጉድኢናፍ ቡድን የተገኘ ነው። ጉድኢናፍ በሊቲየም ባትሪ ሥራቸው በ2019 እ.ኤ.አ. ከሌሎች ሁለት ተመራማሪዎች ጋር የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። የፎስፌቱ ጥቅም ሙቀትን ይበልጥ መቋቋሙና ረጅም ዕድሜው ነው። ደረቅ ሣርና ገለባ ለሚጭን ተሳቢ ይህ ጥቅም ቀላል አይደለም።

ዋጋውን ለማነጻጸር የመግዣውን ብቻ ማየት ያሳስታል። አንድ ባለ 100 አምፔር-ሰዓት የአሲድ ባትሪ በግማሹ እየተሠራበት 500 ጊዜ ቢሞላና ቢፈስ በዕድሜው 300 ኪሎዋት-ሰዓት ይሰጣል። ያንኑ የሚያህል ሊቲየም በ80 በመቶው እየተሠራበት 3,000 ጊዜ ቢሞላና ቢፈስ 3,000 ኪሎዋት-ሰዓት ያህል ይሰጣል። ስለዚህ የሊቲየሙ ዋጋ የአሲዱ ሦስት እጥፍ ቢሆን እንኳ በመጨረሻ ርካሹ እርሱ ነው። ይህ የሚሆነው ግን ባትሪው ያንን ዕድሜ ከኖረ ብቻ ነው።

3. ሲገዛ መፈተን

በገበያ ላይ መለያው 100 ብሎ ውስጡ ግማሽ የሆነ ባትሪ ይገኛል። ሁለት ቀላል ፈተናዎች አሉ።

አንደኛው ሚዛን ነው። ባለ 12.8 ቮልት 100 አምፔር-ሰዓት የፎስፌት ባትሪ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 13 ኪሎ ይመዝናል። 6 ወይም 7 ኪሎ ከሆነ ውስጡ ጎድሏል ማለት ነው።

ሁለተኛው በአምፖል መፈተን ነው። ባትሪው እስኪበቃው ይሞላል። ከዚያ አንድ ባለ 12 ቮልት 55 ዋት የመኪና የፊት መብራት አምፖል ይገጠምበትና ሰዓቱ ይያዛል። አምፖሉ 4.5 አምፔር ገደማ ይወስዳል፤ ስለዚህ እውነተኛ 100 አምፔር-ሰዓት ያለው ባትሪ 22 ሰዓት ያህል ያበራዋል። በ12 ሰዓት ከጠፋ የተገዛው 100 ሳይሆን 55 ነው። አምፖሉ በጣም ስለሚግል በብረት ወይም በድንጋይ ላይ እንጂ በፕላስቲክ ወይም በሣር አጠገብ አይቀመጥም። ሻጩ ይህ ፈተና እንዲደረግ ከተስማማና ካልሞላ ሊመልስ ቃሉን በጽሑፍ ከሰጠ ገዢው ያለ ስጋት መግዛት ይችላል።

4. ከባትሪው ጋር አብረው የሚቀየሩ ነገሮች

ቻርጅ መቆጣጠሪያ። ሊቲየም በአሲድ ቅንብር መሞላት የለበትም። ባለ 12.8 ቮልቱ ባትሪ በ14.2 እና በ14.4 ቮልት መካከል ይሞላል፤ ከሞላ በኋላ 13.5 ቮልት ገደማ ላይ ይቆያል። በአሲድ ባትሪ ጊዜ ይጠቅም የነበረው "ኢኩዋላይዜሽን" የሚባለው ከፍተኛ ቮልት የሚለቅ ቅንብር መጥፋት አለበት፤ ካልጠፋ በየተወሰነ ቀኑ ባትሪውን ከልክ በላይ ይሞላዋል። መቆጣጠሪያው ውስጥ "ሊቲየም" ወይም "ፎስፌት" የሚል ምርጫ ከሌለና ቮልቱን በእጅ ማስተካከልም ካልተቻለ መቆጣጠሪያው መቀየር አለበት።

ዓይነቱም ለውጥ ያመጣል። ፒደብሊውኤም የሚባለው ርካሹ መቆጣጠሪያ ፓኔሉን በባትሪው ቮልት ላይ ያስገድደዋል። 31 ቮልት ላይ የሚሠራ የ400 ዋት ፓኔል በዚህ መንገድ ለባትሪው ከ170 ዋት ብዙም አይሰጥም። ኤምፒፒቲ የሚባለው ግን ትርፉን ቮልት ወደ አምፔር ስለሚቀይረው ከዚያው ፓኔል እጥፍ ያህል ያወጣል። ፓኔል ከመጨመር በፊት መቆጣጠሪያውን መመልከት ይቀድማል።

የመኪናው ዲናሞ። በጉዞ ላይ ከዲናሞው መሙላት ጥሩ ነው፤ ነገር ግን በቀጥታ ሽቦ አይሆንም። አብዛኞቹ የጭነት መኪናዎች 24 ቮልት ናቸው፤ የተሳቢው ባትሪ 12 ነው። ሁለቱም እኩል ቢሆኑ እንኳ ሊቲየም የሚሰጠውን ሁሉ ያለ ልክ ስለሚስብ ዲናሞው ግሎ ይቃጠላል። ባትሪው ሞልቶ በድንገት ራሱን ሲቆርጥ ደግሞ የሚፈጠረው የቮልት ዝላይ የዲናሞውን ዳዮድ ሊበላ ይችላል። በመካከል ከ24 ወደ 12 የሚቀይርና ለሊቲየም የተሠራ የዲሲ ቻርጀር ይገባል። ባለ 20 አምፔሩ በሦስት ሰዓት ጉዞ 800 ዋት-ሰዓት ያህል ያስገባል፤ ይህ የምሳሌውን ተሳቢ የቀን ፍጆታ ሊሸፍን ጥቂት ይቀረዋል።

ሽቦ። በ12 ቮልት ቀጭን ሽቦ ኃይል ይበላል። መቆጣጠሪያው ከባትሪው 5 ሜትር ርቆ በ4 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ 30 አምፔር ቢልክ መንገድ ላይ ብቻ 1.3 ቮልት ይጠፋል። መቆጣጠሪያው 14.4 እያለ ባትሪው የሚያገኘው 13.1 ነው፤ ስለዚህ ዘወትር ሳይሞላ ይኖራል። በ16 ሚሊ ሜትር ካሬ ግን የሚጠፋው 0.3 ገደማ ነው። የተሻለው መንገድ መቆጣጠሪያውን ከባትሪው አጠገብ ማድረግና ሽቦውን ማሳጠር ነው። 1,000 ዋት ኢንቨርተር ካለ ከባትሪው 90 አምፔር በላይ ስለሚስብ 35 ሚሊ ሜትር ካሬ የሆነ አጭር ሽቦ ያስፈልገዋል።

ፊውዝ። ሊቲየም በአንድ ቅጽበት በሺህ የሚቆጠር አምፔር ሊለቅ ይችላል። ዋናው ፊውዝ ከባትሪው ፖዘቲቭ በአንድ ስንዝር ርቀት ውስጥ መሆን አለበት፤ ከዚያ በፊት ያለ ሽቦ ቢላጥና ብረት ቢነካ የሚያቆመው የለም። በፊውዝ ቦታ ሽቦ ወይም ምስማር ማስገባት ገለባ በጫነ ተሳቢ ላይ ክብሪት እንደመጫር ነው።

አሮጌና አዲስ አለመቀላቀል። የአሲድ ባትሪ ከሊቲየም ጋር ጎን ለጎን አይታሰርም። ሁለት ሊቲየሞችም አብረው ሲታሰሩ አንድ ዓይነት፣ አንድ መጠንና አንድ ዕድሜ መሆን አለባቸው። ከመታሰራቸው በፊት ሁለቱም ለየብቻ ሙሉ በሙሉ ይሞላሉ። ዋናው ፖዘቲቭ ከአንደኛው፣ ዋናው ኔጌቲቭ ከሌላኛው ከተወሰደ ሥራው እኩል ይከፈላል።

5. የባትሪው ቦታ

የብረት ሳጥን በተሳቢው ውጪ በበርበራ ፀሐይ ላይ ሲውል ውስጡ ከአየሩ ሙቀት እጅግ ይበልጣል። በባትሪው ውስጥ ያለው ጠባቂ ሰርኪት፣ ቢኤምኤስ የሚባለው፣ ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ ቻርጅ ይቆርጣል። ያን ጊዜ ባለቤቱ ፓኔሉ የተበላሸ ይመስለዋል። ባይቆርጥም ጉዳቱ አይቀርም፤ በግምት በየ10 ዲግሪው ጭማሪ የባትሪ እርጅና እጥፍ ይፈጥናል።

ስለዚህ ባትሪው ሰው በሚያድርበት ክፍል ውስጥ፣ ወለሉ ላይ፣ ጥላ ባለበት ጎን ይቀመጣል። ከጣሪያ ሥር፣ ከጭስ ማውጫ አጠገብና ከመኖ ጋር አይቀመጥም። በዙሪያው የአራት ጣት ያህል ክፍተት ይተዋል፤ በቀበቶ ወይም በብረት ማሰሪያም ይጠበቃል።

ወደ ደጋ የሚወጣ ደግሞ ተቃራኒውን ይጠንቀቅ። እንደ ደብረ ብርሃን ባለ፣ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ውርጭ በሚጥልበት አገር ባትሪው ራሱ ከዜሮ ዲግሪ በታች ቀዝቅዞ ሳለ ቻርጅ ማድረግ ውስጡን ለዘለቄታው ይጎዳል። ፀሐይ ወጥታ ክፍሉ እስኪሞቅ መታገሥ ይገባል። በቅዝቃዜ መጠቀም ግን አይጎዳም፤ የሚጎዳው መሙላቱ ነው።

6. ፓኔሉ

አንድ ፓኔል በሐርጌሳ አካባቢ በቀን የ5 ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ያህል ያገኛል ተብሎ ሊሰላ ይችላል። በሙቀት፣ በአቧራና በሽቦ 30 በመቶ ይጠፋል ቢባል 940 ለ3.5 ሲካፈል 270 ዋት ገደማ ይመጣል። ከደመናማ ቀን በኋላ ቶሎ እንዲሞላ 400 ዋት መግጠም ይመረጣል።

ሐርጌሳ ከምድር ወገብ ብዙም ስለማትርቅ ፓኔሉን በጣሪያው ላይ ዝርግ አድርጎ መግጠም ብዙ አያጎድልም። ነገር ግን ከጣሪያው ጋር ተጣብቆ መቀመጥ የለበትም። ፓኔል ከ25 ዲግሪ በላይ በየዲግሪው ከ0.35 እስከ 0.4 በመቶ ኃይሉን ያጣል። ፓኔሉ 65 ዲግሪ ሲደርስ 15 በመቶ ያህል ሄዷል ማለት ነው። በሥሩ ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ከተተወ ነፋስ ያበርደዋል፤ ፓኔሉም በተራው ለጣሪያው ጥላ ሆኖ ማደሪያውን ያቀዘቅዛል።

ጥላ ሌላው ጠላት ነው። በፓኔሉ ውስጥ ያሉት ሴሎች ተከታትለው የታሰሩ ናቸው። በጣሪያው ላይ የታሰረ ጀሪካን ወይም የሸራ ጫፍ አንድ ጥግ ቢሸፍን የሚቀነሰው ከተሸፈነው ስፋት እጅግ የበለጠ ነው።

7. መንጋው ራሱ የሚያመጣው ጉዳት

ሰው ለሽርሽር የሚጎትተው ተሳቢና የእንስሳት ነጋዴ ተሳቢ እዚህ ላይ ይለያያሉ።

ሽንት፦ ከበግና ከፍየል ሽንት የሚወጣው አሞኒያ መዳብን ይበላል። በርበራ ላይ የባሕር ጨው ይጨመርበታል። የሽቦ ጫፎች በቆርቆሮ የተለበጡ ቢሆኑ ይሻላል። የሽቦው ጆሮ፣ ካፖኮርዳ የሚባለው፣ በደንብ ተጨፍልቆ ይታሰርና ከላዩ ስስ ቅባት ይቀባል። አረንጓዴ ዝገት የታየበት ጫፍ ተቆርጦ እንደገና ይሠራል፤ በናስትሮ መሸፈን ዝገቱን መደበቅ ብቻ ነው።

ፍየል፦ አፏ የሚደርስበትን ሽቦ ሁሉ ትሞክራለች። ከእንስሳቱ ጋር በሚዋሰን ግድግዳ የሚያልፍ ሽቦ በብረት ቱቦ ውስጥ ይገባል።

ንቅናቄ፦ በኮረኮንች መንገድ ላይ ቡሎን ይላላል። የላላ ማሰሪያ ይግላል፣ የጋለ ማሰሪያ ፕላስቲክ ያቀልጣል።

አቧራ፦ በሶማሊኛ ሐጋ በሚባለው፣ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባለው ነፋሻ ወቅት ፓኔል በቀናት ውስጥ ይሸፈናል። ማለዳ ፓኔሉ ሳይሞቅ በለስላሳ መጥረጊያ ይጠረግና በጥቂት ውሃና በጨርቅ ይታጠባል። በቀትር በጋለ መስታወት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስ ሊሰነጥቀው ይችላል።

8. ክትባት ለጫነ ተሳቢ

የበግና የፍየል ደስታ መሰል በሽታ ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ ይኖርበታል። የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅትና የዓለም እንስሳት ጤና ድርጅት ይህን በሽታ በ2030 እ.ኤ.አ. ከዓለም ለማጥፋት ግብ ይዘዋል፤ ኢትዮጵያም ክትባቱን ቢሾፍቱ ላይ ታመርታለች። ይሁንና ሌሊት ባትሪ አልቆ የሞቀ ክትባት ከውጪ ሲታይ ከደህናው አይለይም። መንጋው ተከተበ ተብሎ ይነዳል፤ በሽታው ሲገባ ግን መከላከያ የለውም።

ስለዚህ የማቀዝቀዣው መስመር ከሌላው ይለያል። መብራት፣ ማራገቢያና ኢንቨርተር በአንድ መስመር፣ ማቀዝቀዣው በራሱ ፊውዝ በሌላ መስመር ይሆናል። ባትሪው 30 በመቶ ሲደርስ የመጀመሪያው መስመር ይጠፋል። ከ30 እስከ 10 በመቶ ያለው 512 ዋት-ሰዓት የምሳሌውን ማቀዝቀዣ ብቻውን 22 ሰዓት ያህል ያሠራዋል፤ ይህ ፀሐይ እስክትወጣ ይበቃል። በማቀዝቀዣው ውስጥ ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን የሚመዘግብ ቴርሞሜትር ይቀመጣል፤ ጠዋትና ማታ ይነበባል፣ ይጻፋል። ተራ ማቀዝቀዣ ለጥቂት ቀን ጉዞ እንጂ ለክትባት መጋዘንነት አይሆንም።

9. የቀረውን ኃይል ማወቅ

በአሲድ ባትሪ የለመደ ሰው ቮልት አይቶ ይፈርዳል፤ 12.6 ካለ "ሙሉ ነው" ይላል። በሊቲየም ይህ ልማድ ያሳስታል። ያረፈ የፎስፌት ባትሪ ሙሉ ሲሆን 13.4 ገደማ፣ በግማሹ 13.1፣ በ20 በመቶ 12.9 ያህል ያሳያል። 12.6 ካሳየ ሊያልቅ ነው። በመካከሉ ያለው ልዩነት እጅግ ጠባብ ስለሆነ የሚገባውንና የሚወጣውን አምፔር የሚቆጥር መለኪያ፣ ሻንት ያለው፣ መግጠም ይገባል። መለኪያው ራሱ እንዳይሳሳት ባትሪው ሙሉ በሙሉ ሲሞላ 100 ላይ ይስተካከላል።

10. የጥገና ጊዜ

• በየቀኑ፦ የቀረው በመቶኛና የማቀዝቀዣው ዲግሪ ይነበባል።
• በየሳምንቱ፣ በሐጋ በየሁለት ሦስት ቀኑ፦ ፓኔሉ ይጸዳል።
• ከእያንዳንዱ ረጅም ጉዞ በኋላ፦ ማሰሪያዎች ይፈተሻሉ። መጀመሪያ ሥራ ላይ እያሉ በእጅ ጀርባ ሙቀታቸው ይቃኛል፤ ከዚያ ኃይሉ ተቋርጦ የላላው ይጠበቃል።
• በወር ሁለት ጊዜ፦ ባትሪው እስከ መጨረሻው ሞልቶ ጥቂት ሰዓት ይቆያል። ቢኤምኤሱ በውስጡ ያሉትን አራት ሴሎች እኩል የሚያደርገው ያን ጊዜ ነው።
• በዓመት አንድ ጊዜ፦ የአምፖሉ ፈተና ይደገማል፤ ሰዓቱ ካለፈው ዓመት ጋር ይነጻጸራል።

ከአረፋ በዓል በኋላ ንግዱ ሲቀዘቅዝ ተሳቢው ሊቆም ይችላል። ያን ጊዜ ባትሪው ሙሉ ሆኖም ባዶ ሆኖም አይቀመጥም። ግማሽ ያህል ተሞልቶ፣ ገመዱ ተነቅሎ፣ ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ይቆያል። በየሁለት ወሩ ይታያል። ገመዱ ሳይነቀል ከቆመ ኢንቨርተሩና መለኪያው ቀስ በቀስ ጠጥተው ያደርቁታል።

11. እሳት ከተነሳ

የፎስፌት ባትሪ በቀላሉ አይነድም፤ ሽቦው ግን ይነዳል፤ የተጎዳ ባትሪም የሚነድ ጋዝ ያወጣል። የዱቄት እሳት ማጥፊያ በበሩ አጠገብ፣ ከውጪም እጅ በሚደርስበት ይሰቀላል። ሽታ ወይም ጭስ ሲታይ ሰው ይወጣል፣ የእንስሳቱ በር ይከፈታል፤ ንብረት የሚታሰበው ከዚያ በኋላ ነው። ያበጠ፣ የተሰነጠቀ ወይም ውሃ የገባበት ባትሪ "ይሞከር" ተብሎ ቻርጅ አይደረግም።

የመለማመጃ ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ በርበራ ላይ በቀትር መቆጣጠሪያው ፀሐይ እያለ ወደ ባትሪው ምንም አያስገባም፤ ባትሪው 60 በመቶ ላይ ነው። ማታ ደግሞ ይሠራል። ምን ሆነ?
መልስ፦ ቢኤምኤሱ ከሙቀት የተነሳ ቻርጅ ቆርጧል። የሚስተካከለው የባትሪው ቦታ ነው፤ አዲስ ፓኔል መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው።

ጥያቄ፦ አንድ ነጋዴ የቀን ፍጆታው 600 ዋት-ሰዓት ነው፤ ለሁለት ቀን የሚበቃ ባትሪ ይፈልጋል። ስንት ይግዛ?
መልስ፦ 600 በ2 ሲባዛ 1,200፤ ለ0.8 ሲካፈል 1,500 ዋት-ሰዓት። አንድ ባለ 100 አምፔር-ሰዓት ባትሪ 1,280 ብቻ ስለሚይዝ አይበቃውም። ወይ ባለ 150 ይገዛል፣ ወይ ፍጆታውን ወደ 500 ያወርዳል።

ጥያቄ፦ ረዳቱ ባትሪው 12.7 ቮልት እንደሚያሳይ አይቶ ማራገቢያውንና መብራቱን ሌሊቱን ሙሉ ተወው። ማቀዝቀዣው ውስጥ ክትባት አለ። ስህተቱ ምንድን ነው?
መልስ፦ 12.7 በሊቲየም ከ20 በመቶ በታች ነው። ማራገቢያውና መብራቱ ወዲያው ጠፍተው የቀረው ለማቀዝቀዣው መተው ነበረበት። ጠዋት ቴርሞሜትሩ ከ8 ዲግሪ በላይ መዝግቦ ከሆነ መንጋው በዚያ ክትባት ሳይከተብ በፊት የእንስሳት ሐኪም ይጠየቃል።